ቅቤና ባትሪ

በእኛ አገር ሰው ሲወፍር «ተስማምቶሃል» ይባላል። ምን እንደተስማማው የሚጠይቅ የለም። ሲከሳ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ይሆናል፤ «ምን ነክቶህ ነው? ያምሃል? ቤት ሰላም ነው?» እያለ መንገድ ላይ ያቆመዋል። እኔ ለብዙ ዓመታት ከተስማማቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ሆድና ግንባር አይሸሸግም እንደሚባለው፣ ሆዴ ቀድሞኝ ክፍል ገብቶ ተማሪዎቹን ያስነሣ ነበር። ወልቂጤ ውስጥ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስለ ስበት ሳስተምር የኋላ ወንበር ላይ ያሉት አንገታቸውን ደፍተው ለምን እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ አውቄም እንዳላየ አልፋለሁ። የባጃጅ ሾፌሮች ደግሞ ገና ሲያዩኝ «መምህር፣ እርስዎ መሃል ይሁኑ» ይሉኛል። ይህ አይከፋኝም። ባጃጅ ያለው ሦስት ጎማ ነው፤ ሚዛን መጠበቅ የገባው ሰው ሳገኝ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

የከፋኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ራሴ የጻፍኩትን ቁጥር መልሼ ሳነብ ስምንቱን ሦስት አልኩት። የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ተማሪ በትሕትና አረመችኝ። ጠመኔው ነው አልኩ። በማግሥቱ የመስኮቱ ብርሃን ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ግን በግራ ዓይኔ በኩል ጢስ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ወዲያ ወዲህ ሲል ሳይ የምወቅሰው ነገር አጣሁና ወደ ዓይን ሐኪም ሄድኩ።

ሐኪሙ ዓይኔን በመብራት ሲመረምር ቆየ። ከዚያም ስኳሬ የዓይኔን የኋላ ክፍል መጉዳት እንደጀመረ ነገረኝ። ስኳር እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ኪኒኑን እወስዳለሁ፤ ደግሞም በየቤቱ ስኳር ያለበት ሰው አለ። ዓይን እንደሚያጠፋ ግን ስለ ሌላ ሰው እንጂ ስለ ራሴ አስቤው አላውቅም። «ማድረግ ያለብንን እናደርጋለን» አለኝ። «ነገር ግን ክብደትዎ ካልቀነሰና ስኳርዎ ካልወረደ ከኋላው እየሮጥን ነው የምንኖረው። አሁን ያለዎት ብርሃን እንዲቆይልዎ ከፈለጉ አፍዎን ይያዙ።» ፈራሁ። ሰሌዳውን የማያይ አስተማሪ ምን ሠርቶ ይኖራል?

አፌን ለመያዝ ሞከርኩ። ጠዋት ጠዋት ወደ ጉብሬ በሚወስደው መንገድ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ችግሩ መንገዱ ላይ የማውቀው ሰው መብዛቱ ነው። የቀድሞ ተማሪዬ ቁርስ ቤት ከፍቷል፤ «መምህር ሳይቀምሱማ አያልፉም» ይላል። ከእሱ አለፍ ብሎ የባለቤቴ ዘመድ አለች፤ የእሱን ቀምሼ የእሷን ካልቀመስኩ ደግሞ ቅያሜ ነው። ባለቤቴ ነገሩ ሲገባት የእግር ጉዞዬን «የቁርስ ጉብኝት» አለችው።

ስለ ባትሪው ሕክምና የሰማሁት ከስኳር ሐኪሜ ነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ አንድ ወጣት ሐኪም በዚያው በጉብሬ መንገድ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ጥናት ያካሂድ ነበር። ከልክ በላይ መብላት ማቆም ላቃታቸው ሰዎች፣ ቀዶ ጥገና ሳይኖር፣ መርፌም ሳይኖር፣ ከራስ ቆዳ ላይ ሆኖ ወደ አንጎል ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት መላክ ነው ሥራው። ሄጄ ሳነጋግረው አላጋነነውም። «ከግንባርዎ ጀርባ 'ተው፣ ይበቃል' በማለት የሚያግዝ ክፍል አለ» አለኝ። «አንዳንድ ሰው ላይ ይህ ድምፅ ይደክማል። እኛ ልናበረታው እየሞከርን ነው። ሊረዳዎ ይችላል፤ ላይረዳዎም ይችላል። ኪኒንዎን አይተካም፤ የራስዎንም ጥረት አይተካም።» ሐቀኛ ሰው መሰለኝና ወደድኩት።

ለባለቤቴ ስነግራት ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ተው ይበቃሃል ስልህ ያልሰማህ ሰውዬ፣ አሁን ባትሪ ሲነግርህ ልትሰማ ነው?» አለች። ባትሪው እንደ አንቺ አይደጋግመውም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። 'ተው' የሚለው የአንጎሌ ክፍል ጨርሶ እንዳልሞተ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

መሣሪያዋ ከትንሽ ሬዲዮ ታንሳለች። የምትሠራባት ባለሙያ ረጋ ያለች ወጣት ሴት ናት። ሁለት ስፖንጆች ጨው ባለበት ውሃ ነክራ፣ ከግንባሬ ከፍ ብሎ ፀጉሬ መነሻ ላይ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አድርጋ በላስቲክ አሰረችልኝ። ፍርሃቴን ለመደበቅ «ውሃና ጨው ገባ፤ ሽንኩርቱ መቼ ነው?» አልኳት። «እርቦዎታል እንዴ መምህር?» አለችና የሆነ ነገር መዘገበች። ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል ውስጥ ቀልዴን ቀነስኩ። ስታበራው፣ ስለ ኤሌክትሪክ ሳስተምር የኖርኩት ሰውዬ የወንበሩን እጀታ በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩ። ጥቂት አሳከከኝ፤ ከዚያ ምንም። አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ሳይሞላ አለቀ።

ፍሰቱ እያለፈ ሳለ በታብሌት ላይ የምግብ ሥዕል ታሳየኛለች፤ ምን ያህል እንዳማረኝ እናገራለሁ። ፒዛ መጣ። ምንም። በርገር መጣ፤ ከላዩ ሰሊጥ የተነሰነሰበት። ምንም። ክሬም የተቆለለበት ኬክ መጣና ቸል አልኩት። «መምህር፣ በጣም ጎበዝ ነዎት» አለችኝ። መዋሸት አልሆነልኝም። «ልጄ፣ እኔን እዚህ ያደረሰኝ ፒዛ አይደለም» አልኳት። «ክትፎ የላችሁም?» ፈልጋ ፈልጋ አንድ አገኘች። የሆቴል ክትፎ ነው፤ በነጭ ሳህን ላይ እንደ ኳስ ተድቦልቡሎ፣ ከላዩ ቅጠል ተሰክቶበት፣ ጎኑ ላይ ሹካ ተጋድሟል። አላማረኝም፤ ተናደድኩ እንጂ። ሹካ! ባለሙያዋ ቁጣዬን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣችለት መሰለኝ ዝም ብላ አለፈችው። እኔም ትክክለኛውን ክትፎ ፎቶ አንስቼ አመጣልሻለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ተራራውን አቋርጬ ቡታጅራ እህቴ ዘንድ ሄድኩ።

እህቴ ታላቄ ናት። ቡታጅራ ገበያ ቅቤና ቆጮ ትሸጣለች። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጡት አልተውኩም ነበር፤ እሷም ራሷ ልጅ ነበረች። ሰው የሚመስል ነገር ስላልነበረኝ ጎረቤቶች «ይህ ልጅ አይተርፍም» ይሉ ነበር አሉ። እህቴ ይህን ቃል አልረሳችውም፤ የተናገሩትንም ሰዎች አልረሳቻቸውም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እኔን ማብላት ሥራዋ ሆነ። የእኔ ውፍረት ለእሷ በሽታ አይደለም፤ ምስክር ነው። ቡታጅራ በሄድኩ ቁጥር የማንፈልገውን ነገር እንግዛ ብላ ይዛኝ ገበያ ትዞራለች። ያን ክፉ ቃል ከተናገሩት አንዳቸው በሕይወት ካሉ በእነሱ ደጅ በኩል ነው የምናልፈው፤ ቀስ ብለን።

በእሷ ቤት «ትንሽ» የሚባል ቃል የለም። «ለእኔ ትንሽ ብቻ» ስላት ከምግብ በፊት እንደሚባል ጸሎት ትሰማኝና ጣባውን ትሞላዋለች። ስጨርስ «በሞቴ» ትላለች። «በሞቴን» ካለፍኩት «በእናታችን አፅም» ይመጣል። ከዚያ በላይ ደርሼ አላውቅም፤ ደርሶ የተመለሰም ሰው አላውቅም።

ያን ቀን ክትፎው በጣባ፣ ቆጮው በኮባ ቅጠል ላይ ሆኖ ሲቀርብ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣሁ። «ምን ልታደርገው ነው?» አለች። ስለ ሕክምናው ነገርኳት። ስለ ዓይኔ ግን አልነገርኳትም። በእኛ ዘንድ ክፉ ወሬ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ አብዝቶ ለሚወድህ ሰው ነው፤ መርዶ እንኳ ሲነገር ሽማግሌ ተመርጦ፣ ቀን ተቆርጦ ነው። ውፍረት ለመቀነስ ነው ብዬ ብቻ ተውኩት።

«ኤሌክትሪክ?» አለች። «የእኔን ፍሪጅ ያቃጠለው ኤሌክትሪክ?»

«እቴቴ፣ ያ ሌላ ነው። ይሄ በጣም ደካማ ነው፤ በትንሽ ባትሪ ነው የሚሠራው።»

«ባትሪው ሲያልቅስ?»

«ቻርጅ ይደረጋላ።»

«ከምን?» አለችኝ። እጇን ክትፎው ላይ እንዳደረገች አቁማ በጥርጣሬ አየችኝ። «ስልኬ ሲደክም ከግድግዳው ይስባል። ያ ያንተ ባትሪ ከምን ጋር ነው የሚያያዘው? ከጭንቅላትህ ጋር ነው ያልከኝ።»

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚያስፈልገው ትምህርት ሁሉ አለኝ። የዚያን ዕለት ግን አፌ በቆጮ ተሞልቶ ነበር። ዝም ማለቴን እህቴ እንደ ማመን ቆጠረችው፤ ባትሪው የወንድሟን አንጎል እየሳበ እንደሚጠጣ በዚያው ተወሰነ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወልቂጤ ደጃፋችን ላይ ወረደች። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ፣ ቆጮ፣ ቡላ፣ የራሷን መክተፊያ ቢላዋ ሳይቀር ይዛ መጣች። ልታስታምመኝ ነው። የታመመ ሰው ያለ አስታማሚ አይተኛም፤ የእኔ በእግር መሄድ፣ ክፍል ገብቶ ማስተማር ለእሷ ምንም አልነበረም። ባለቤቴ አቅፋ ሳመቻትና በትከሻዋ ላይ አሻግራ «ይበልህ!» በሚል ዓይን አየችኝ።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ጭንቅላቱን በኤሌክትሪክ የሚታከም ሰው አለ ተብሎ ጠያቂ መጣ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ድፎ ዳቦ ይዘው መጡና ጸለዩልኝ። ከፊት ለፊታችን ያለው የጨርቅ ነጋዴ «አላህ አፊያ ያድርግህ» እያለ ባለቤቱ የሠራችውን ሳምቡሳ አቀረበልኝ። ጠያቂ ያመጣውን ሳይቀምሱ መሸኘት ደግሞ ነውር ነው። ከልክ በላይ በመብላቴ ስለምታከም፣ ታማሚ በመሆኔ ምክንያት በሕይወቴ ያልበላሁትን ያህል በላሁ። ከሕክምናው በተመለስኩ ቁጥር ደግሞ እህቴ በር ላይ ትጠብቀኛለች። የተሳበውን ለመመለስ መጀመሪያ የቡላ ገንፎ፣ መሃሉ ላይ ቅቤ እንደ ኩሬ የተኛበት። ከዚያ ክትፎ። ፊቴን ትክ ብላ እያየች «እህ፣ አሁን ቀላህ» ትላለች።

በዚህ መካከል አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ትምህርት ቤቱ ክበብ ውስጥ ለምሳ ያዘዝኩትን ፓስታ እየበላሁ ሳለ ሹካዬን አስቀመጥኩ። ሳህኑ ላይ ግማሹ አለ። ማንም ተው አላለኝም፤ አላስጠላኝም፤ በቃኝ ብቻ። አስተናጋጇ መጥታ «አልጣመዎትም መምህር?» አለችኝ። ባትሪው ይሁን ፍርሃቴ ይሁን ዛሬም አላውቅም፤ ብቻ በሕይወቴ ሳህን ላይ ምግብ ትቼ ስነሣ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ እያለኝ ቤት ገባሁ። ቤት ግን ጣባው ቀርቧል፤ እህቴ እጇን ታጥባ ተቀምጣለች። አልራበኝም። አላማረኝምም። ጠርጌ በላሁ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሐኪሙ በሥዕል ያሳየኝ አንጎል ላይ ረሃብ የት እንደሆነ፣ ጉጉት የት እንደሆነ፣ 'ተው' የሚለው የት እንደሆነ ተመልክቷል። ይሉኝታ የሚቀመጥበትን ቦታ ግን አላሳየኝም። እኔ የምበላው ከረሃብም ከጉጉትም ብቻ አልነበረም፤ የሰው ፊት እያየሁም ነበር። ይህን ለባለሙያዋ ብነግራት ስፖንጁን የት ላይ እንደምታስረው እንጃ። ሚዛን ላይ ስወጣ ክብደቴ ጨምሮ ተገኘ። ሐኪሙ መዝገቡን ደጋግሞ አየ፤ ሚዛኑን አስፈተሸ። እኔ ጣራ ጣራ አየሁ።

የቅቤው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ጠዋት ልወጣ ስል እህቴ ጠራችኝና ዝቅ ያለች ዱካ ላይ አስቀመጠችኝ። በእጇ ሙሉ ኮሰረት የገባበት ለጋ ቅቤ ይዛለች። «አናትህ ደርቋል፤ ያ ነገር ሲያልፍበት እንዳያቃጥልህ» ብላ መሃል አናቴ ላይ ደፋችውና በጣቶቿ እያሸች ወደ ግንባሬ፣ ወደ ጆሮዬ አዳረሰችው። ልጅ ሳለሁ ራሴን ሲያመኝ እንደዚሁ ነበር የምታደርገው። እጇ ሻካራ ነው፤ ለስላሳ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ ብትቆይ ብዬ ተመኘሁ። ባርኔጣዬን ደፋሁና ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ቅቤው ቀልጦ ፀጉሬ ውስጥ ገባ።

ባለሙያዋ እንደ ወትሮዋ ስፖንጆቹን አሰረች፤ መሣሪያዋን አበራች። ቀይ መብራት በራና ጢጥ ጢጥ አለች። ገመዱን ነቅላ ሰካች። ጢጥ። ስፖንጁን እንደገና ነከረች። ጢጥ። ባትሪውን ቀየረች። ሐኪሙን ጠራችው፤ እሱም መጥቶ ጎንበስ ብሎ ገመዶቹን አየ። ባርኔጣዬን ካወለቅሁ ጀምሮ ክፍሉ እየሞቀ፣ ቅቤውም በጆሮዬ ሥር መውረድ ጀምሮ ነበር። ባለሙያዋ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች። «መምህር» አለች ቀስ ብላ፣ «ኮሰረት ነው የሚሸተኝ?»

በየዓመቱ፣ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉና የማያስተላልፉ ብዬ አስተምራለሁ። በማያስተላልፉት ሥር እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ ቅባት ብዬ እጽፋለሁ። ቅባት! ተማሪ ቢረሳው ነጥብ እቀንስበታለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩትን አናቴ ላይ ተሸክሜ፣ ለምን አይሠራም ብዬ ከእነሱ ጋር ስደነቅ ተቀምጫለሁ። ማታ ባለቤቴ ስትሰማ «ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም» ብላ ተረተችብኝ፤ አልተከራከርኳትም። ባለሙያዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሙም ሳቁን ዋጠና «ማን ነው የቀባዎት?» አለኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ቡላውን፣ ክትፎውን፣ ጠያቂውን፣ ባትሪው ከምን ይሞላል የሚለውን። አዳምጦኝ ሲጨርስ «በሚቀጥለው ጊዜ እኚህን እህትዎን ይዘዋቸው ይምጡ» አለ።

እህቴ ለሐኪም ቤት የሚሆነውን ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ሐኪሙ ተነሥቶ ወንበር ሰጣት፤ «እናቴ» እያለ አነጋገራት። ባትሪው ከወንድሟ ምንም እንደማይስብ፣ ሲደክም ከግድግዳ እንደሚሞላ፣ ሲያረጅም በሌላ ባትሪ እንደሚተካ ነገራት፤ የተጣለውን አሮጌ ባትሪ አውጥቶ በእጇ አስያዛት። አገላብጣ አየችው። «ታዲያ ካልሳበ ምን ይሠራለታል?» አለች።

«ሰው ሲበላ ውስጡ ሆኖ 'ይበቃሃል' የሚለው ድምፅ አለ እናቴ» አላት። «የእሳቸው ድምፅ ደክሟል። እኛ እሱን እናግዛለን። ቤት ሲገቡ ግን ከውጭ 'ብላ፣ ብላ' የሚል የበለጠ ድምፅ አለ። የእኛ ባትሪ ያንን ሊያሸንፍ አልቻለም።»

እህቴ ተቆጣች። ስትቆጣ አማርኛው ይጠባታልና ግማሹን በጉራግኛ ነው የተናገረችው። «የእናቴን ልጅ፣ ወንድሜን አስርቢው ነው የምትለኝ? ይህ ልጅ አይተርፍም ተብሎ ነበር። እኔ ነኝ አብልቼ ሰው ያደረግሁት።»

ሐኪሙ ስለ ዓይኔ እንዳልሰማች አላወቀም። «እናቴ፣ ያን ጊዜ አትርፈዋቸዋል። አሁን ግን በዚሁ ከቀጠሉ ዓይናቸው ይጠፋል። ግራው ጀምሯል» አላት።

ዞራ አየችኝ። እንደ ሁልጊዜው ፊቴ ቀልቷል ወይስ አልቀላም ብላ አልነበረም ያየችኝ፤ ዓይኖቼን ነበር፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። «የትኛው ነው ግራ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ግራና ቀኝ ጠፍቶባት አይደለም። አሳየኋት። አሮጌውን ባትሪ ለሐኪሙ መለሰችለትና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ «መምህር መሃል ይሁኑ» አለኝ፤ እህቴ ጥግ ላይ ሆና እስከ ቤት ድረስ እጄን አልለቀቀችም። ሆድ ባሰኝ።

ምሳ ሰዓት ነበር። ከመውጣቷ በፊት ሥጋውን ከትፋ ስለነበር ጣባው እንደ ሁልጊዜው ቀረበ። ባለቤቴ፣ እህቴና እኔ ከበብነው። በቆጮ እየጠቀለልኩ ጥቂት ቀመስኩ። ከዚያ እጄን ሰበሰብኩ፤ ቢያንስ ለመሰብሰብ ሞከርኩ። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ እንደለመደችው ቆጮውን ቆርጣ፣ ክትፎውን ጠቅልላ፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ አዘጋጅታ ወደ አፌ ዘረጋች። እኔም እንደለመድኩት አፌን ከፈትኩ። እጇ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ጉርሻው ከአፌ ስንዝር በማይሞላ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ቅቤው በክንዷ ወረደ። እኔ አፌን እንደከፈትኩ ነኝ። ከዚያ እጇን መለሰችና ጉርሻውን ለራሷ ጎረሰችው። አላመጠች፤ ዋጠች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ይበቃሃል» አለችኝ።

ይህን ቃል ከእሷ አፍ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የሚገርመው፣ ለሳምንታት ያልራበኝ ሰውዬ ያን ጊዜ ድንገት ራበኝ። ጉርሻው ባይመለስ ኖሮ ብዬ በጣም አዘንኩ። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ ጣባውን አነሣችና ወደ ጓዳ ገባች፤ ቶሎ አልተመለሰችም።

እህቴ ቅዳሜ ወደ ቡታጅራ ተመለሰች። ቢላዋዋን ይዛ ሄደች፤ ቅቤውን ተወችልን፤ ለአናት እንዳይሆን ለባለቤቴ አስጠንቅቃ። ሕክምናው ለተመደበለት ጊዜ ቀጥሎ አለቀ። ክብደቴ ቀስ እያለ ወረደ፤ ስኳሬም ወረደ። ግራ ዓይኔ የጠፋውን ባይመልስም ባለበት ቆሟል። ሐኪሙ ለውጡ የባትሪው ነው ብሎ ለመናገር ጥናቱ ገና ብዙ ይቀረዋል ይላል። ባለቤቴ የእሷ ነው ትላለች። የባጃጅ ሾፌሮች ዛሬም መሃል ያደርጉኛል፤ የቆየ ልማድ ቶሎ አይለቅም። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች ግን «ምን ነክቶህ ነው? ያምሃል?» ማለት ጀምረዋል።

እህቴ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ትደውላለች። ድሮ ገና ሃሎ ከማለቴ «በላህ?» ነበር የምትለው። አሁን «ታያለህ?» ትላለች። አያለሁ እላታለሁ። አታምነኝም፤ «ምን ታያለህ?» ትላለች። በመስኮት አሻግሬ የማየውን እነግራታለሁ፤ የትምህርት ቤቱን አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር የታሰረችውን ፍየል። ትናንት ፍየሏ ምን ዓይነት ናት አለችኝ። ነጭ ናት፣ አንድ ጆሮዋ ጥቁር ነው አልኳት። የትኛው ጆሮዋ ብላ ጠየቀች። ግራው አልኳት። በረጅሙ ተነፈሰች።

«እሺ» አለች። «በል አሁን ሂድና ምሳህን ብላ።» ልትዘጋው ነው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ሳርቅ ድምፅዋ ተከተለኝ። «ትንሽ» አለች።